ለመጽሔታችሁ የትኛው ድረ ገጽ ይሻላል? ከሐዋሳ የተጻፈ ንጽጽር

ባለፈው እሑድ ፍቅር ሐይቅ ዳር አንድ ተማሪ ከጎኔ ተቀምጦ መጽሔት ያነብ ነበር። በስልኩ ነው። ቴሌግራም ላይ የደረሰው ፒዲኤፍ ነው። ገጹ ልክ እንደ ወረቀቱ በሦስት ዓምድ ተከፍሏል። በሁለት ጣቱ ያሰፋዋል፤ የመጀመሪያውን ዓምድ እያነበበ እስከ ታች ይወርዳል፤ ከዚያ ወደ ላይ ተመልሶ ሁለተኛውን ይፈልጋል። መስመሩ ይጠፋበታል። ያሳንሰዋል፣ እንደገና ያሰፋዋል። ፀሐይ ስለነበር ስክሪኑን በመዳፉ ከልሎ ነው የሚያየው። ሁለት ገጽ ሳይሞላ ዘጋውና ቲክቶክ ከፈተ።

ጽሑፉን አውቀዋለሁ። ስለ ሐይቁ ዓሣ አጥማጆች የተጻፈ፣ ብዙ የተለፋበት ሥራ ነው። ልጁም ሊያነበው ፈልጎ ነው የከፈተው። ያለያያቸው አቀራረቡ ነው።

እዚህ ሐዋሳ የመጽሔት ሌይአውት እሠራለሁ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ለመጽሔቶች ድረ ገጽም እሠራለሁ። «ድረ ገጽ ልናሠራ ነው፣ ምን ይሻለናል?» የሚል ሰው ሲመጣ ከዋጋ በፊት ሁለት ነገር እጠይቀዋለሁ። አንባቢያችሁ በምን ነው የሚያነበው? ድረ ገጹን በየወሩ የሚሞላውስ ማን ነው? የመጀመሪያው መልስ ሁልጊዜ ስልክ ነው። ሁለተኛው ላይ ብዙ ሰው ዝም ይላል። ምርጫው የሚወሰነው ግን እዚያ ላይ ነው። ማንም የማይሞላው የሚያምር ድረ ገጽ በሦስተኛው ወር ይሞታል።

ፒዲኤፉን መጫን፣ ወይስ ጽሑፉን ማውጣት?

ትልቁ ምርጫ ይሄ ነው። ሌላው ሁሉ ከሱ በኋላ ይመጣል።

ፒዲኤፍ የሚወደደው ሥራ ስለማይጨምር ነው። ለማተሚያ ቤት የላካችሁትን ፋይል ትጭናላችሁ፣ አለቀ። ሌይአውቱ እንዳለ ይታያል። የሙሉ ገጽ ማስታወቂያ የከፈለው ድርጅትም ማስታወቂያውን እንዳለ ያገኘዋል። ገጹ እየተገለጠ የሚታይበት አገልግሎትም አለ፤ ኢሹ በዚህ ይታወቃል። ኮምፒውተር ላይ ስታዩት ደስ ይላል። አንድ ጋሼ የምለው አሳታሚ የመጽሔቱን ገጽ በማውዝ እየገለጠ «ይኸው፣ መጽሔቴ!» ብሎ ሲደሰት አስታውሳለሁ። ስልኬን አውጥቼ ያንኑ ገጽ ከፈትኩለት። መነጽሩን አደረገ። ዝም ብሎ ቆየና «የኔ ልጅ፣ ይሄን ማን ያነበዋል?» አለኝ።

ችግሩ የፊደሉ መጠን ብቻ አይደለም። ፒዲኤፍ ውስጥ ያለ አንድ ጽሑፍ የራሱ በር የለውም። «ገጽ 23 ላይ ያለውን አንብቢው» ብሎ ለጓደኛ መላክ አይቻልም፤ 64 ገጹ በሙሉ ነው የሚሄደው። ፎቶ የበዛበት እትም ለኅትመት በሚሆን ጥራት ከተላከ ብዙ ሜጋባይት ይመዝናል። አንባቢው ደግሞ ፓኬጅ የሚገዛ ሰው ነው፤ ገና ሳያነብ ሒሳቡ ያልቅበታል።

እንደኔ ከሆነ ፒዲኤፍ ለማኅደር ይሁን። የቆዩ እትሞችን፣ ዛሬ ጽሑፋቸው በእጃችሁ የሌለውን፣ ስካን አድርጋችሁ በፒዲኤፍ አስቀምጡ። ውጭ ያለው ወገናችን በኮምፒውተር ያየዋል፤ ተመራማሪም ይፈልገዋል። ስታዘጋጁት ምስሎቹን ከ300 ወደ 150 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚቆጠሩ የምስል ነጥቦች) አውርዱ። ከዛሬ ጀምሮ የሚወጣው እትም ግን ጽሑፍ በጽሑፍ ይውጣ፤ እያንዳንዱ የራሱ ገጽ፣ የራሱ ሊንክ ይኑረው።

ቴሌግራም ይበቃል?

«ሰዉ ያለው ቴሌግራም ላይ ነው፣ ድረ ገጽ ምን ያደርጋል?» የሚለኝ ብዙ ነው። ግማሹ እውነት ነው። ቻናል ነጻ ነው፤ አንባቢውም እዚያው ነው የሚውለው።

እኔ ቴሌግራምን እንደ አዟሪ ነው የማየው። አዟሪ ያስፈልጋል፤ መጽሔቱን ሰው እጅ የሚያደርሰው እሱ ነው። መጽሔቱ የሚኖረው ግን አዟሪው ክንድ ላይ አይደለም። ቻናል ላይ የዛሬ ዓመት የለጠፋችሁትን ጽሑፍ የሚፈልግ ሰው ቃሉን በትክክል አስታውሶ ካልፈለገው በቀር እስኪደክመው ወደ ላይ መሳብ አለበት። ስለ ፍቼ ጫምባላላ ጉግል ላይ የሚፈልግ ሰውም እናንተ ጋ የመድረስ ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ቁልፉ በእናንተ እጅ አይደለም። በ2015 ከየካቲት መጀመሪያ ጀምሮ ለአምስት ወር ገደማ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ያለ ቪፒኤን አይከፈቱም ነበር። ቻናል ብቻ የነበረው መጽሔት ያን ሰሞን ከብዙ አንባቢው ጋር ተቆራርጧል።

ስለዚህ ሁለቱንም ያዙ። ጽሑፉ ድረ ገጹ ላይ ይቀመጥ፤ ቻናሉ ላይ አንድ ጥሩ ፎቶ፣ ሦስት መስመር መግቢያና ሊንኩ ይውጣ። ጽሑፉን ሙሉ በሙሉ ቻናሉ ላይ አትዘርግፉት።

ቤቱን በምን እንሥራው?

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የመሥሪያው ጥያቄ ነው። አራት መንገድ አለ፤ እኩል ጊዜ ግን አይገባቸውም።

ከዜሮ በኮድ ማሠራት ለአብዛኛው መጽሔት አያስፈልግም። ይወደዳል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከሠራው ልጅ ጋር ያስራችኋል። ልጁ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ከሄደ አንዲት ርዕስ ለማረም ስልክ መደወል ልትጀምሩ ነው።

እንደ ዊክስና ስኩዌርስፔስ ያሉት የተዘጋጁ አገልግሎቶች የተከራዩት ቤት ናቸው። ንጹሕ ናቸው፤ ቶሎ ትገባላችሁ። ሚስማር ለመምታት ግን አከራይ ማስፈቀድ አለ። ኪራዩ ደግሞ በዶላር ነው፤ ውጭ የሚሠራ ካርድ ይጠይቃል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ከ100 ብር አልፏል። ገቢው በብር የሆነ መጽሔት በየወሩ በዶላር የሚቆረጥ ወጪ ውስጥ ሲገባ እኔን ያሳስበኛል። ካርዱ ላይ ዶላር ያለቀ ቀን ድረ ገጹ ይዘጋል።

ብሎገር ነጻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የጉግል ነው፤ የሆስቲንግ፣ ማለትም ድረ ገጹ የሚቀመጥበት ሰርቨር፣ ክፍያ የለበትም፤ የራሳችሁን ዶሜይን (የድረ ገጹን አድራሻ ስም) ልታያይዙበት ትችላላችሁ። ሁለት ሰው ሆነው፣ ያለ በጀት፣ ሦስት ወር አንዴ ለሚያወጡ ልጆች ያለ ሐሳብ እመክረዋለሁ። በየእትሙ መለያ ስም እየሰጡ ጽሑፎቹን መሰብሰብ ይቻላል። መልኩን መለወጥ ስትፈልጉ ነው የሚጠብባችሁ።

ለቀረው፣ ማለትም በመደበኛነት ለሚወጣና ቢያንስ አንድ ኤዲተር ላለው መጽሔት፣ ምርጫዬ ዎርድፕረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረ ነጻ ሶፍትዌር ነው፤ በዓለም ካሉት ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት በሱ ነው የሚሠሩት። ይህ ቁጥር ለእኛ ትርጉም አለው። ሐዋሳ ውስጥ ዎርድፕረስ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም ማለት ነው፤ አንዱ ቢሄድ ሌላ ይገኛል። አሠራሩም ከዝግጅት ክፍል ጋር ይገጥማል። ጸሐፊው ያስገባል፣ ግን ማውጣት አይችልም፤ ኤዲተሩ አይቶ ያወጣዋል። ይህን የፈቃድ ደረጃ ከመጀመሪያውኑ ይዞት ነው የመጣው። ሆስቲንጉን አገር ውስጥ ካሉ ድርጅቶች በብር መግዛት ይቻላል።

ችግር የለበትም ማለት ግን አይደለም። ዎርድፕረስ ጓሮ እንዳለው ቤት ነው፤ ካልታረመ አረም ይበላዋል። ፕለጊን፣ ማለትም ተጨማሪ ሥራ ለማሠራት የሚጫን ተቀጥላ ፕሮግራም፣ አታብዙበት። በወር አንድ ቀን ማደሻውን የሚጫንና ባክአፕ የሚወስድ ሰው በስም ይመደብ። ሳይታደስ የከረመ ድረ ገጽ ተሰብሮ የቁማር ማስታወቂያ ሲሞላበት አይቻለሁ።

የሐዋሳ መጽሔቶች ሌላም የሚያስቡት ነገር አለ። ብዙዎቹ በአማርኛና በሲዳሙ አፎ ያወጣሉ፤ አንዱ በግዕዝ ፊደል፣ ሌላው በላቲን። ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ያምራል። ስልክ ላይ ግን ጎን ለጎን የሚባል ቦታ የለም፤ አንዱ ከሌላው ሥር ይገባል፤ አንባቢው የራሱን ቋንቋ ለማግኘት የማያነበውን ሁሉ ማለፍ አለበት። ለየብቻ ገጽ ስጧቸውና ከላይ በግልጽ የሚታይ መቀያየሪያ አድርጉ። ዎርድፕረስ ላይ ይህን የሚሠሩ ፕለጊኖች አሉ። ብሎገር ላይ ሁለት ብሎግ ከፍቶ ማገናኘት ይሻላል።

የፊደል ነገር

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፤ ማንም የውጭ መመሪያ የማይነግራችሁ ክፍል ነው።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን በሚለዩበት የጋራ የቁጥር ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ኅትመት ቤቶቻችን ግን ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ በቆዩት የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች ሲሠሩ ኖረዋል። አሁንም የሚሠሩ አሉ። በእነዚህ ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ ኮምፒውተሩ ውስጥ አማርኛ አይደለም፤ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች የግዕዝ መልክ ለብሰው ነው። ወረቀት ላይ ልዩነቱ አይታወቅም። ከሌይአውት ፕሮግራሙ ከኢንዲዛይን ቀድታችሁ ድረ ገጽ ላይ ስትለጥፉት ግን የጥያቄ ምልክት፣ ቅንፍና የፈረንጅ ፊደል ተዘበራርቆ ይወጣል። የመጀመሪያውን ድረ ገጽ በሠራሁ ጊዜ 11 ጽሑፍ እንዲህ ሆኖብኝ ከወረቀቱ እያየን እንደገና ተይበነዋል። መለወጫ ፕሮግራሞች አሉ፤ ግን ከለወጡ በኋላም ቃል በቃል ማንበብ ያስፈልጋል። ስለዚህ ድረ ገጽ ከማሠራታችሁ በፊት ታይፒስታችሁን ወደ ዩኒኮድ አዙሩ። ዲዛይነር ከመምረጥ በፊት የሚመጣው እሱ ነው።

ሁለተኛው የአጻጻፍ ጉዳይ ነው። የከተማችንን ስም ውሰዱ። ሐዋሳ፣ ሀዋሳ፣ ድሮ ደግሞ አዋሳ። ለአንባቢ አንድ ነው፤ ለድረ ገጹ መፈለጊያ ሦስት የተለያየ ቃል ነው። «ሀዋሳ» ብሎ የፈለገ ሰው «ሐዋሳ» ብላችሁ የጻፋችሁትን አያገኝም። ፀሐይና ጸሀይም ያው ናቸው። ሁለት ነገር አድርጉ። ዝግጅት ክፍሉ አንድ አጻጻፍ ይምረጥና ይጽና። ዲዛይነሩም መፈለጊያው ሐንና ኀን እንደ ሀ፣ ሠን እንደ ሰ፣ ዐን እንደ አ፣ ፀን እንደ ጸ እንዲቆጥር ያድርገው። ብዙ ሥራ አይደለም፤ ካልጠየቃችሁት ግን አይሠራላችሁም። «አዋሳ» ድምፁም ስለሚለይ በመለያ ቃል መጨመር ነው።

ሦስተኛው ሊንኩ ነው። ዎርድፕረስ ርዕሱን ወስዶ የገጹን አድራሻ ይሠራል። ርዕሱ በአማርኛ ሲሆን እያንዳንዱ ፊደል ሲቀዳ ወደ 9 ምልክት ይለወጣል። አምስት ቃል ያለው ርዕስ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ መቶ ምናምን የመቶኛ ምልክትና ቁጥር ሆኖ ይዘረገፋል። ሰው ቫይረስ ነው ብሎ አይነካውም። ቦታው ደግሞ 200 ምልክት ብቻ ስለሚይዝ ከ22 ፊደል በላይ ያለው ርዕስ መሐል ላይ ይቆረጣል። ስለዚህ ጽሑፉን ከማውጣታችሁ በፊት አድራሻውን በላቲን ፊደል በሁለት በሦስት ቃል አሳጥራችሁ ጻፉት።

የፎንት ምርጫው ቀላል ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ስልክ ላይ ጥርት ብሎ ይነበባል፤ የመጽሔት ወዝ ለምትፈልጉ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ሲል አለ። ሁሉም ነጻ ናቸው። ፊደላችን ብዙ ስለሆነ የእኛ ፎንት ከላቲኑ ይከብዳል፤ መደበኛውና ደማቁ ይበቃችኋል። በመስመር መሐል ሰፋ ያለ ቦታ ስጡ። የውጭ ቴምፕሌቶች (ዝግጁ የድረ ገጽ ንድፎች) ጥቅስን ጋደም አድርገው ነው የሚያሳዩት፤ የግዕዝ ፊደል ሲጋደም የተሰበረ ይመስላል፤ አስወጡት። አራት ነጥብንም በአራት ነጥብነቱ ጻፉ። ሁለት ነጥብን ሁለቴ መደርደር ለዓይን ቢመስልም ለኮምፒውተሩ የዓረፍተ ነገር መጨረሻ አይደለም።

መግቢያው ገጽ ላይ ሽፋኑ ይሁን ጽሑፉ?

አሳታሚዎች ሽፋኑን ትልቅ አድርገው ማየት ይፈልጋሉ። ይገባኛል፤ ሽፋን ላይ ስንት ሌሊት እንደሚታደር አውቃለሁ። ነገር ግን አብዛኛው አንባቢ በመግቢያው አይገባም። ቴሌግራም ላይ ያገኘውን ሊንክ ነክቶ ቀጥታ ጽሑፉ ላይ ነው የሚወድቀው። ስለዚህ የዲዛይን ገንዘባችሁን የጽሑፉ ገጽ ላይ አውሉት። እዚያ ገጽ ላይ የመጽሔቱ ስም፣ የትኛው ዓመትና ቁጥር ላይ እንደወጣ፣ የጸሐፊው ስም፣ ከሥሩም «ከዚሁ እትም» የሚሉ ሦስት ጽሑፎች ይኑሩ። ሽፋኑ ትንሽ ሆኖ ጎን ላይ ይቀመጥና ሲነካ የእትሙን ማውጫ ይክፈት።

ፎቶ ላይ አንድ ምክር። ለማተሚያ ቤት የተዘጋጀው ፎቶ በሲኤምዋይኬ፣ በማተሚያ የቀለም አሠራር፣ ነው። እንደወረደ ከጫናችሁት ቀለሙ ሊበላሽ ይችላል፤ ወደ ስክሪኑ የቀለም አሠራር፣ ወደ አርጂቢ፣ ለውጡት። 5 ሜጋባይት የሚመዝኑ ስምንት ፎቶዎች 40 ሜጋባይት ናቸው። ስፋታቸውን ወደ 1200 ፒክሰል አውርዳችሁ እያንዳንዱን 150 ኪሎባይት ብታደርጉት ሁሉም ተደምሮ 1.2 ሜጋባይት ነው። ስልክ ላይ ልዩነቱን ዓይን አያየውም፤ ፓኬጁ ግን ያየዋል።

ነጻ ይሁን ወይስ በክፍያ? አዲሱን እትም ወረቀቱ ገበያ ላይ እያለ ግማሹን ብቻ አውጡ፤ ቀጣዩ እትም ሲወጣ የቀረውን ልቀቁት። ሁሉንም ከቆለፋችሁ የሚያውቃችሁ አይኖርም። ዓመታዊ ደንበኝነት መሸጥ ከፈለጋችሁ በቴሌብር ወይም በቻፓ ማስከፈል ይቻላል፤ ስትራይፕ በሚባለው የክፍያ አገልግሎት ላይ የተሠራ የውጭ ቴምፕሌት ግን አትግዙ፤ አገራችን ውስጥ ላለ ነጋዴ አይሠራም።

ከሁሉም በፊት ደግሞ ሕጉን እዩ። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 በበይነ መረብ የሚሠራጨውንም ይመለከታል። የወረቀቱ ምዝገባ ድረ ገጹን ይሸፍን እንደሆነ ከመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ጠይቁ።

ስሙና ቁልፉ

ዶሜይን ላይ ነጥብ ኮም ይሁን ነጥብ ኢቲ ብላችሁ ብዙ አትጨነቁ። ነጥብ ኮም በዓመት ከ10 እስከ 15 ዶላር ገደማ ነው፤ ነጥብ ኢቲ የሚገኘው በኢትዮ ቴሌኮም በኩል ነው። የሚያስጨንቀው አድራሻው የመጽሔቱ ስም መሆኑ ነው። ታይም ዋርነር እ.ኤ.አ. በ1994 ታላላቅ መጽሔቶቹን ሁሉ ፓዝፋይንደር በሚባል አንድ ድረ ገጽ ሥር ሰበሰባቸው። አንባቢ ግን የሚያውቀው ታይምን ነው፣ ፒፕልን ነው፤ ፓዝፋይንደርን ማን ያውቀዋል? እ.ኤ.አ. በ1999 ተዘጋ። የእኛም አንባቢ በኪዮስክ የሚጠራውን ስም ነው ስልኩ ላይ የሚጽፈው።

ስሙ ደግሞ በእናንተ ይመዝገብ። ዶሜይኑ የተመዘገበበት ኢሜይል የመጽሔቱ መሆን አለበት። የሆስቲንጉ የይለፍ ቃል በወረቀት ተጽፎ ቢሮ ይቀመጥ። የመጨረሻውን ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት ራሳችሁ ገብታችሁ ሞክሩት። አንድ የማውቀው መጽሔት ድረ ገጹን ያሠራው በአንድ ልጅ ነበር፤ ልጁ ዶሜይኑን በራሱ ስም አስመዝግቦ፣ ከዓመት በኋላ ስልኩን ቀይሮ ጠፋ። የማደሻው ቀን አለፈ። መጽሔቱ ሌላ አድራሻ ገዝቶ እንደ አዲስ ጀመረ። የዚያ ዓመት እትሞች አሁንም ሰው ቤት አሉ፤ ጀርባቸው ላይ በትልቁ የታተመው አድራሻ ሲከፈት የሚመጣው ባዶ ገጽ ነው።